ተደራቢ መስኮት
የደጋውን አሮጌ ቤት ሳያፈርሱ ስለ ማሞቅ

በአገራችን ስለ ቤት ሲወሳ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ጣሪያውና ግድግዳው ነው፤ ስለ መስኮቱ የሚናገር ሰው ጥቂት ነው። ዳሩ ግን እንደ መንዝ፥ እንደ ግሼና እንደ መርሐ ቤቴ አፋፍ ባለ ደጋ ለሚኖር ሰው መስኮት ማለት ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ብቻ ሳይሆን ሌሊት ሌሊት ሙቀት የሚሸሽበት በር ጭምር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህ የሚሸሸው ሙቀት እንዴት ሊያዝ እንደሚችል ማስረዳት ነው። ዘዴው አሮጌውን ቤት ሳያፈርሱና የውጭ መልኩን ሳይለውጡ በነባሩ መስኮት በስተ ውስጥ ሌላ መስኮት መደረብ ነው። ነገሩ የአናጢ ሥራ እንጂ የሥነ ጥበብ ተማሪ ጉዳይ አይደለም የሚል ቢኖር እስከ መጨረሻው ድረስ በትዕግሥት እንዲከተለኝ እለምነዋለሁ።

ስለ ምን ይህን ጉዳይ እንዳነሣሁ አስቀድሜ ልናገር። የጓሳ ምድር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ከጠራበት ጊዜ አንሥቶ እስከ ጥር ድረስ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፤ ጧት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። በዚህ አገር አባቶቻችን የሠሩት ቤት ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ በጭቃ የተያያዘ፥ ጣሪያው የጓሳ ሣር የተከደነ፥ መስኮቱም ከነጭራሹ የሌለ ወይም እጅግ ጠባብ ሆኖ በእንጨት መዝጊያ የሚዘጋ ነበር። ዛሬ ግን ከእኛ ከተማርነው ልጆች አንዱ ደመወዝ በያዘ ጊዜ በመጀመሪያ የሚያስበው ያንን ቤት አፍርሶ ለወላጆቹ የባሕር ዛፍ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያለው፥ በርና መስኮቱም ላሜራ የሆነ ቤት መሥራት ነው። አሳቡ የልጅነት ፍቅርና ምስጋና ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚሆነው ምንድን ነው? እናትና አባት በአዲሱ ቤት እንግዳ ይቀበሉበታል፤ ሲመሽ ግን ብርዱን ሸሽተው ወደ ድሮው ማድ ቤት ገብተው ያድራሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው።

ይህን በማለቴ ቆርቆሮን የማንቋሽሽ አይምሰላችሁ። ቆርቆሮ እሳት ቶሎ አይበላውም፤ በየጊዜው ካልከደኑኝ አይልም፤ የዝናብ ውሃም ያጠራቅማል። እንዲሁም የአሮጌው ቤት ጨለማና ጢስ ዐይንና ሳንባ የሚጎዳ መሆኑን ማንም አይክደውም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ብርሃንን ለማግኘት ሙቀትን መክፈል ግድ ነው ወይ? መልሱ ግድ አይደለም የሚል ነው። ምክንያቱንም ከዚህ በታች እናያለን።

፩፤ ብርድ አይገባም፤ ሙቀት ይወጣል

በተለምዶ «ብርድ ገባ» እንላለን። በትክክል ሲታይ ግን የሚጓዘው ሙቀት ነው፤ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል እንጂ ብርድ የሚባል ነገር ከውጭ ተጉዞ አይመጣም። ሙቀት ከቤት የሚወጣባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው በአካል ውስጥ አልፎ መሄድ ነው። ብረትና መስታወት ሙቀትን በቀላሉ ያሳልፋሉ፤ እንጨትና ሣር ያግዱታል። ላሜራ መስኮት በሌሊት ሲነኩት እጅ የሚያቃጥል እስኪመስል የሚቀዘቅዘው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ሽንቁር ነው። በመዝጊያውና በክፈፉ መካከል፥ በክፈፉና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ትንሽ ቢመስልም የአፋፉ ነፋስ በዚያ ሲገፋ የሞቀው አየር በሌላው ወገን ይወጣል። በአሮጌ ቤት ብዙ ጊዜ ከመስታወቱ ይልቅ የሚጎዳው ይህ ሽንቁር ነው።

ሦስተኛው ጨረር ነው። ፀሐይ ሳትነካን እንደምታሞቀን ሁሉ የእኛም ገላ ከፊቱ ላለው ቀዝቃዛ ነገር ሙቀቱን ይለቃል። ከቀዝቃዛ መስታወት አጠገብ የተቀመጠ ሰው ነፋስ ሳይኖር የሚበርደው በዚህ ምክንያት ነው። ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ውርጭ የሚጥለውም ምድር ሙቀቷን በጨረር ወደ ሰማይ ስለምትለቅ ነው።

አሁን በቁጥር እንመልከተው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ነጠላ መስታወት ያለው መስኮት አለ እንበል። የቤቱ ውስጥ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፥ ውጭው ዜሮ ቢሆን በዚያ መስኮት የሚወጣው ሙቀት 80 ዋት ያህል ነው። የተኛ ሰው ገላ የሚያመነጨው ሙቀትም ወደዚሁ የሚጠጋ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ከገላው የሚሰጠውን ሙቀት አንዲት መስኮት ብቻዋን ትበላዋለች ማለት ነው። ሽንቁሩ ደግሞ ከዚህ ሒሳብ ውጭ ነው።

፪፤ የነጠላና የጋቢ ምሥጢር

ነጠላና ጋቢ ሁለቱም የተሠሩት ከጥጥ ነው። ታዲያ ጋቢ ለምን ይሞቃል? ክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ድርብ ስለ ሆነ በየንብርብሩ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። የመንዝ ባናና በርኖስ የሚያሞቀውም እንዲሁ ነው፤ የበጉ ጠጉር ራሱ እሳት የለውም፤ ነገር ግን በጠጉሩ መካከል አየሩን አስሮ ያስቀምጠዋል። እረኛው ከላይ የሚደርበው የጓሳ ገሳና የቤቱ የጓሳ ክዳንም የአንድ ጥበብ ልጆች ናቸው።

ያልተንቀሳቀሰ አየር ሙቀትን የሚያሳልፈው ከመስታወት በ40 እጥፍ ያህል ባነሰ መጠን ነው። ስለዚህ ሙቀትን የሚያግደው መስታወቱ ሳይሆን በሁለት መስታወቶች መካከል ታስሮ የቆመው አየር ነው። መስታወቱን ሁለት እጥፍ ማወፈር እምብዛም አይጠቅምም፤ ሁለት ስስ መስታወት አራርቆ ማቆም ግን እጅግ ይጠቅማል። ነጠላ መስታወት ያለው ቤት ነጠላ ለብሶ ውርጭ ላይ እንደ ቆመ ሰው ነው፤ ተደራቢ መስኮት ማለት ጋቢ ማልበስ ነው።

በሁለቱ መካከል የሚተወው ርቀት ምን ያህል ይሁን ለሚለው ጥያቄ ለሙቀት 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። ክፍተቱ በጣም ከጠበበ ሙቀት በቀላሉ ይሻገራል፤ በጣም ከሰፋ ደግሞ አየሩ በውስጡ መዞር ይጀምርና በአንዱ ወገን ሞቆ ይወጣል፤ በሌላው ቀዝቅዞ ይወርዳል። ቢሆንም የድንጋይ ግድግዳ ወፍራም ስለ ሆነና ነባሩ መስኮት ወደ ውጭው ፊት ተጠግቶ ስለሚቆም ተደራቢው ብዙ ጊዜ 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይቆማል። በዚህ የሚጠፋው ጥቅም ጥቂት ነው፤ እንዲያውም መንገድ ዳር ላለ ቤት ሰፊው ክፍተት ጩኸትን ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. በ2008 በስኮትላንድ ለአሮጌ ቤቶች መስኮት በተደረገ ፍተሻ የተገኘው ውጤት ይህን ያረጋግጣል። በነጠላ መስታወት ከሚወጣው ሙቀት ውስጥ ወፍራም መጋረጃ 14 ከመቶ ያህሉን፥ በደንብ የሚገጥም የእንጨት መዝጊያ 51 ከመቶውን፥ ተደራቢ መስኮት ደግሞ 63 ከመቶውን ሊያስቀር ችሏል። ቅድም ባየነው ሒሳብ 80 ዋት የነበረው ወደ 30 ዋት ወረደ ማለት ነው። እንግዲህ አባቶቻችን ያደረጉት የእንጨት መዝጊያ የድንቁርና ምልክት አልነበረም፤ ከወፍራም መጋረጃ ሦስት እጥፍ የሚበልጥ የሙቀት ጋሻ ነበር። የጎደለው ብርሃን ብቻ ነው፤ ብርሃኑንም መስታወት ይጨምርለታል። ቀን መዝጊያውን ከፍቶ በመስታወት ብርሃን መቀበል፥ ሲመሽ መዝጊያውን መዝጋት፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ከእያንዳንዳቸው ይበልጣሉ።

፫፤ እንዴት ይሠራል?

ሥራው የሠለጠነ የከተማ ድርጅት የሚጠይቅ አይደለም። በመሐል ሜዳም ሆነ በዓለም ከተማ ደኅና አናጢ ሊሠራው ይችላል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

ሀ፤ በመጀመሪያ ሽንቁሩን መፈለግ። ነፋስ በሚነፍስበት ቀን የበራ ጧፍ ይዞ በመስኮቱና በበሩ ዙሪያ ቀስ ብሎ ማዞር ነው፤ ነበልባሉ በተጋደመበት ስፍራ ሽንቁር አለ። በክፈፉና በግድግዳው መካከል ያለው በጭቃ ይመረጋል፤ መስታወቱ የላላ እንደ ሆነ በስቱኮ ይያዛል።

ለ፤ ነባሩ መስኮት የተሰበረ ነገር ካለው መጠገን እንጂ መንቀል አይገባም። የበሰበሰ እንጨት ካለ የበሰበሰውን ብቻ ቆርጦ በተመሳሳይ እንጨት መተካት ይቻላል።

ሐ፤ ከግድግዳው ውፍረት በስተ ውስጥ ልኩን ወስዶ ስስ የእንጨት ክፈፍ መሥራት፤ በእርሱም ላይ መስታወት መግጠም። መስታወት የማይገኝ ወይም የሚከብድ ሲሆን በክፈፉ ላይ ተወጥሮ የተመታ ነጭ ላስቲክ እንኳ አየሩን አስሮ ይይዛል። ዕድሜው አጭር ነው፤ ዋጋው ግን ከማንም አቅም በላይ አይደለም።

መ፤ ክፈፉ በማጠፊያ እንዲከፈት ወይም በጥቂት ብሎን ተይዞ በቀላሉ እንዲወጣ ማድረግ። ይህ ለጽዳትም፥ አየር ለማስገባትም፥ ኋላ እንደምናየው ለቅርስ ጥበቃም አስፈላጊ ነው።

ሠ፤ ተደራቢው ከግድግዳው በሚገናኝበት ዙሪያ ጎማ ወይም የተደቀደቀ የበግ ጠጉር መለጠፍ። የመንዝ ሰው ለዚህ ነገር ከሌላ አገር የሚገዛው የለውም፤ በጉም ጠጉሩም ከደጁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ጣሪያው ባዶ ቆርቆሮ ሆኖ ኮርኒስ የሌለው ቤት መስኮቱን ቢደርቡለት ያወጡት ገንዘብ ከንቱ ይሆናል፤ የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ቆርቆሮው ሁሉን ያባክነዋል። እንዲህ ላለው ቤት መጀመሪያ ኮርኒስ፥ ቢያንስ እንደ ቀድሞው የአዲስ አበባ ቤቶች የአቡጀዲ ኮርኒስ ማድረግ ይቀድማል። የጓሳ ክዳን ያለው ቤት ግን ይህን ሥራ አስቀድሞ ጨርሷል፤ የሚቀረው መስኮቱና በሩ ነው።

ለአሮጌው ቤት አዲስ መስኮት መክፈት የግድ ቢሆን እንኳ በዘፈቀደ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ፥ ብርዱ በሚበረታበት ወራት፥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች፤ ስለዚህ በደቡብ በኩል ያለ መስኮት ቀን ሙቀት ይቀበላል። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳም ያንን ሙቀት ቀስ ብሎ ጠጥቶ ሌሊት ቀስ ብሎ ይመልሰዋል። የባሕር ዛፍ ግድግዳ ቶሎ ሞቆ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ድንጋይ ግን እንደ ሽማግሌ ነው፤ ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም አይቸኩልም።

፬፤ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች

የመጀመሪያው የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። አሮጌው ቤት ሽንቁር የበዛበት ቢሆንም ያ ሽንቁር አንድ ሥራ ይሠራ ነበር፤ የምድጃውን ጢስ ያስወጣል፤ አዲስ አየርም ያስገባል። ቤቱን አጥብቀን ከዘጋን በኋላ በውስጡ ማገዶ ብናነድድ፥ ይልቁንም ከሰል አቀጣጥለን ብንተኛ፥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ይጠራቀማል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ሰው ራሱን ሲያመውና ሲያዞረው ድካም ይመስለዋል፤ የተኛም እንደ ሆነ ሳይነቃ ይቀራል። የከሰል ጢስ አለመኖሩ ደኅንነት አይደለም፤ እንዲያውም ጢስ ያለው ማገዶ ዐይን አቃጥሎ ያስነሣል፤ ከሰል ግን ዝም ብሎ ይገድላል። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፤ እሳት ባለበት ክፍል ተደራቢ መስኮት አይደረግም። መጀመሪያ ምድጃው ወደ ተለየ ማድ ቤት ይውጣ ወይም ደኅና የጢስ ማውጫ ይሠራለት፤ ከዚያ በኋላ የመኝታው ክፍል ይደረብ። ከሰሉም ከመኝታ በፊት ወደ ደጅ ይውጣ።

ሁለተኛው የእርጥበት ነገር ነው። የሰው ትንፋሽና የምግብ እንፋሎት ቀዝቃዛ መስታወት ሲያገኝ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ እንጨቱንም ያበሰብሳል። መድኃኒቱ የውስጠኛውን መስኮት አጥብቆ መግጠም፥ የውጭኛውን ግን ጥቂት እንዲተነፍስ መተው ነው። የውስጡ እንፋሎት ወደ ክፍተቱ አይገባም፤ የገባውም በውጭኛው ሽንቁር ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ውጭውን አሽጎ ውስጡን አላልቶ ይተዋል፤ በክረምት መስታወቶቹ መካከል ላብ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። በየቀኑ ረፋድ ላይ ሁለቱንም ከፍቶ ቤቱን ማናፈስም አይረሳ።

፭፤ ለምን አናፈርስም?

አንዳንድ ጓደኛ ይህን ሁሉ አንብቦ «አሮጌውን መስኮት ነቅሎ አዲስ ድርብ መስታወት ያለው የአሉሚኒየም መስኮት ማስገባት አይቀልም ወይ?» ይል ይሆናል። ገንዘብ ላለው ይቀላል። ነገር ግን ቤት መጠለያ ብቻ አይደለም፤ የሠሩት ሰዎች እጅና አሳብ የተጻፈበት መጽሐፍም ነው። መስኮቱ ሲነቀል ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ተቀደደ ማለት ነው፤ የተቀደደውም አይመለስም። ተደራቢ መስኮት ግን ምንም አይቀድድም። በውጭ የሚያልፍ ሰው ልዩነቱን አያይም፤ ነገ የተሻለ ዘዴ ቢገኝ ብሎኖቹን ፈትቶ ማውጣትና ቤቱን እንደ ነበረ ማግኘት ይቻላል። የቅርስ ጠባቂዎች ዋነኛ መመሪያም ይኸው ነው፤ የምትጨምረው ነገር ሊነሣ የሚችል ይሁን።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣ ሕግ አንድ ቤት ብቻ ሳይሆን መንደሩ ወይም ጎዳናው በሞላ «የሚጠበቅ ስፍራ» እንዲባል ፈቀደ። በእንደዚህ ያለ ስፍራ የሚኖሩ ሰዎች ብርዱ ቢያስቸግራቸውም የቤታቸውን የውጭ መልክ እንዳሻቸው መለወጥ ስለማይችሉ በስተ ውስጥ መደረብን አዘወተሩ። በእኛም አገር የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የሆነ ሕንፃ ያለ ሚመለከተው ባለ ሥልጣን ፈቃድ እንዳይነካ ደንግጓል። ስድስት ኪሎ ያለውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አስቡት። በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ከተሰጠ ወዲህ ስንት ተማሪ አልፎበታል! የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር ያለበትን ያንን ቤት ብርድ ስለ ገባ ብሎ መስኮቱን ላሜራ የሚያደርግ ማን ይደፍራል? ታዲያ ለቤተ መንግሥት የምናዝን ከሆነ ለመንዝ ገበሬ ድንጋይ ቤት የማናዝነው ስለ ምን ነው? በመዝገብ ስላልተጻፈ ነውን?

ስለ ጥበቃ ነገር ደግሞ የመንዝ ሰው ከማንም የሚማር አይደለም። የጓሳን ሣር ለማስከበር «ቄሮ» የሚባለው ሥርዓት ከ400 ዓመት ያህል በፊት ጀምሮ እንደ ነበረ ይነገራል፤ የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ዘሮች ሜዳውን ለዓመታት ዘግተው ያቆዩና ጊዜው ሲደርስ በሥርዓት ከፍተው ለክዳን፥ ለገመድና ለግጦሽ ይካፈሉት ነበር። ይህ ሥርዓት ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። በኋላ ግን ሕዝቡ ራሱ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ፤ ዛሬም ጓሳ በአካባቢው ሕዝብ የሚጠበቅ ስፍራ ነው። ሣሩ የተጠበቀው ቤት ስለሚከደንበት፥ ገሳ ስለሚሠራበት ነበር። ቤቱ ከጠፋ ሣሩን የሚጠብቅበት ምክንያት ለገበሬው አንድ ይቀንስበታል። ስለዚህ ቤቱና ሜዳው አንዱ ሌላውን የሚጠብቁ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በዚህ ዓመት ዕረፍት ወደ አገራችን የምንገባ ተማሪዎች ሁላችንም ልናደርገው የምንችለው ነገር አለ። ለወላጆቻችን ስለ ሥልጣኔ ከመስበካችን በፊት ጧፍ ይዘን ሽንቁሩን እንፈልግ። አባታችን «ልጄ፥ ይህን አሮጌ ቤት አፍርሰህ ቆርቆሮ መቼ ታለብስልኛለህ?» ብሎ ቢጠይቀን «አባዬ፥ መጀመሪያ ምድጃውን እናውጣ፤ ቀጥሎ መስኮቱን እንደርብ፤ አንድ ክረምትና አንድ የውርጭ ወራት እይበትና ያን ጊዜ እርስዎ ያዘዙኝን አደርጋለሁ» ብለን በአክብሮት እንመልስለት። የመፍረሱ ነገር ምንጊዜም ሊደርስ ይችላል፤ የፈረሰውን መልሶ ማቆም ግን ያንን ድንጋይ የሚጠርብ፥ ያንን ጓሳ የሚከድን እጅ ይጠይቃል፤ ያም እጅ በየዓመቱ እየቀነሰ ነው።

አዲስ ነገር መውደድ መልካም ነው፤ አዲሱ ነገር ግን አሮጌውን በመግደል ብቻ የሚመጣ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ከጎኑ ተደርቦ ይቆማል።